የማሩ ቤት ምርጥ

ፊቴን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። አገጭሽ ምነው ወደ ግራ ዞረ? የፊት ጥርሶችሽስ የት ሄዱ? ለማላውቀው ሰው "ባጃጅ ተገልብጦብኝ ነው" ብዬ እገላገላለሁ። ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ግን እውነቱን ልናገር። ረዘም ይላል፣ ደምም አለበት፤ የሆዳችሁን ጥንካሬ እናንተ ታውቃላችሁ።

ብርቱካን እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ጎንደር ቀሐ ነው። ይህ ነገር ሲደርስብኝ አምባ ጊዮርጊስ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። ከማስተማሩ ሌላ ማንም አልፈልግም ያለው ሥራ ትከሻዬ ላይ ወድቋል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ፈተና፣ ስለ ዩኒቨርሲቲና ስለ ሙያ ማማከር። ርእሰ መምህሩ "አንቺ አፍ አለሽ፣ አንቺው ያዢው" ብሎ ነው የሰጠኝ። አልተሳሳተም፣ አፍ ነበረኝ። ያኔ ደግሞ ከነጥርሱ።

የማማከር ዘዴዬ አንድ ብቻ ነበር፤ መጮህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቼን ሰብስቤ በየተራ አስነሳለሁ። "ስምህን እስከ አያትህ፣ ከዚያ መሆን የምትፈልገውን። ጮክ!" የገጠር ልጅ አንገቱን ደፍቶ፣ አፉን በእጁ ከልሎ ነው የሚናገረው፤ ያደገበት ጨዋነት ነው። ነገ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ግን ያ ጨዋነት ይጥለዋል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ድምፃቸው ግቢው ውስጥ እስኪሰማ ድረስ አላስቀምጣቸውም ነበር። ግማሾቹ ሐኪም እንሆናለን ይላሉ፤ የቀሩት ደግሞ ሐኪም የሚሉት ስለበዙ አፍረው ኢንጂነር ይላሉ።

ደሳለው የሚባል ልጅ ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር ይቀመጥ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። መሆን የምትፈልገውን ተናገር ስለው ስሙን እንኳ ሳይጠራ "ገበሬ" ብሎ ቁጭ አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ልጁ እያታለለኝ እንደሆነ አውቅ ነበርና። ውጤቱ ሁልጊዜ መሐል ነው። ፈተናው ቢከብድም ቢቀልም እሱ መሐል ላይ ይገኛል። አንድ ቀን አጠገቡ ለተቀመጠችው ልጅ አንድ ከባድ ጥያቄ በሹክሹክታ ሲያስረዳት ሰማሁት፤ ያውም እኔ ከማስረዳበት ባጠረ መንገድ። ወረቀቱን ሳርም ያንኑ ጥያቄ ራሱ ተሳስቶታል። ጠራሁትና "ትቀልድብኛለህ?" አልኩት።

"ኧረ የለም ቲቸር።"

"ታዲያ ምንድን ነው? ስንፍና ነው?"

"ስንፍና ነው ቲቸር" አለኝ መሬት መሬቱን እያየ። ሰነፍ መባልን እንደዚያ ባለ እፎይታ የሚቀበል ሰው አይቼ አላውቅም።

ግንቦት ላይ፣ ብሔራዊ ፈተናው ሲቃረብ፣ ስለ ሥራቸው ለተማሪዎቼ የሚነግሩ ሰዎች ከጎንደር ጋበዝኩ። አንዷ አብሮ አደጌ ሲስተር ፀሐይ ነበረች፤ ነርስ ናት። ሌላው ፒያሳ ካለ አንድ ባንክ የመጣ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ጎልማሳ ነው። ያመጣቸው የሚኒባስ ሹፌር ሞላ ይባላል፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሲያወራ የማይሰለች ሰው። ክፍል ውስጥ ግባ ስለው "እኔ ምን ልነግራቸው ነው፣ ከውጭ ሆኜ እሰማለሁ" ብሎ መስኮቱን ተደግፎ ቆመ።

ፀሐይ ተነሥታ "ደም ሲያይ ዓይኑን የሚያዞር እጁን ያውጣ" አለች። ግማሹ ክፍል አወጣ። "ሸጋ፤ እኔም አዞር ነበር። ሥራው ማለት እንዳታዞር መልመድ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል" አለችና ተቀመጠች። የባንኩ ሰው ደግሞ በራስ መተማመን ላይ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ሰው ፊት ጸንቶ መቆም የማይችል ወጣት የትም አይደርስም አለ። ተማሪዎቹ ሁሉ ጻፉት።

ከዚያ እኔ በእንግዶቹ ፊት ጉራዬን ልነፋ ተነሣሁ። ፈተና ላይ የሚመጣ ዓይነት ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና እየተረክኩ መሥራት ጀመርኩ። መጨረሻ ላይ የደረስኩበት መልስ ከምርጫዎቹ ውስጥ የለም። ደግሜ ሠራሁት፣ አሁንም የለም። እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ተማሪዎቼ ስለ እኔ አፍረው አንገታቸውን ደፉ። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ።

"ቲቸር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ምልክቱን ሲያሻግሩት አልቀየሩትም።"

ደሳለው ነበር። እኔ ስዋረድ ዝም ብሎ ማየት አልቻለም። ዞር ብዬ ሳየው እንዳመለጠው ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ደስታ አሳብዶኛል። እጁን ይዤ ጎትቼ አወጣሁት፣ ጠመኔውን ሰጠሁት። ለአፍታ ቆሞ አየኝ። ከዚያ እኔ ሰሌዳውን የሞላሁበትን ጥያቄ በሦስት መስመር ጨረሰው።

"ስምህን እስከ አያትህ!" አልኩት።

በጣም ቀስ ብሎ ተናገረ።

"ጮክ! እንግዶቹ ይስሙህ!"

"ደሳለው ማሩ ካሴ" አለ።

"ስሙልኝ! በማስተማር ዘመኔ እንደዚህ ያለ ጭንቅላት አላየሁም። ከእሱ የሚበልጥ የለም!" ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ አጨበጨበ። ፀሐይም አጨበጨበች። መስኮቱ ጋ የቆመው ሞላ ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፍቶ ልጁን ትኩር ብሎ ያየው ነበር። አይቼዋለሁ፤ ምንም ግን አልመሰለኝም። ምሳ ላይ ስልኩን ይዞ ወጣ ብሎ ብዙ ቆየ፤ እሱንም አይቻለሁ።

እንግዶቹ ምሳ ሲበሉ ደሳለው ከቢሮዬ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

"ቲቸር፣ እርስዎ ገደሉኝ" አለኝ።

ቁጭ አድርጌ ነገሩን አናገርኩት። ቤተሰቡ ኮሶዬ ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ ካለ መንደር ነው። አባቱ ማሩ ከጎረቤታቸው ልጅ ከባየ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣላ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጧት ማሩ ባየን እያረሰ ሳለ በመጥረቢያ መትቶ ገደለው። ደሳለው አጠገቡ ነበር። "ባየ ጭንቅላቱ ተከፍቶ ያየኝ ነበር" አለኝ፤ "በሬዎቹ ግን ገና ይሄዱ ነበር፣ ማንም አላቆማቸውም።" ማሩ ታሰረ። የሟች ወገን የማሩን ቤት አቃጠለ፣ የበሬዎቹን ቋንጃ ቆረጠ። ያ ግን ለንዴት ያህል እንጂ ደም መመለስ አይደለም። ደም የሚመለሰው በሰው ነው።

"ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ስትማር ምነው ዝም አሉህ?" አልኩት።

"ባየ የቤታቸው ምርጥ ነበር። አገሩ ሁሉ የሚወደው ሰው ነበር። በእኛ ወግ ምርጥ በምርጥ ነው የሚመለሰው ቲቸር። ደነዝ ገድሎ ባየን መለስኩ ማለት ለእነሱ ውርደት ነው። እኔን ደግሞ ደነዝ ነው ብለው ትተውኛል።"

እስከዚያ ሰዓት ስንፍና የመሰለኝ ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። ልጁ መሐል ላይ የሚቀመጠው ለመኖር ነበር።

"ሙሉቀን የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ" አለ ቀጥሎ። "አምስተኛ ክፍል ነው፣ ቄሱም መምህሩም ያደንቁታል። እሱ እስኪያድግ ነው የሚጠብቁት። እኔ ያሰብኩት ፈተናውን እንደ ምንም አልፌ፣ አንድ ሥራ ይዤ፣ ሳያድግ ይዤው ልጠፋ ነበር።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔ ለፖሊስ እንንገር አልኩት። "ምን ብለን? በሒሳብ ጎብዣለሁና ልገደል ነው ብለን?" አለኝ። ስለዚህ ዛሬውኑ ከእንግዶቹ ጋር ወደ ጎንደር ትወርዳለህ፣ እናቴ ቤት ተቀምጠህ ታጠናለህ፣ ፈተናውንም እዚያው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተህ ትፈተናለህ አልኩት። የሰጋው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"መኪናው ኮሶዬ ላይ ይቆማል?"

ሞላን ጠርቼ ጠየቅኩት። "ምን ላደርግ እቆማለሁ እህቴ? ሽው ነው" አለኝ እየሳቀ። ሞላ የባየ የአክስት ልጅ ነበር። ልጅ ሆኖ ጎንደር የገባ ስለሆነ ደሳለው በመልክ አያውቀውም፤ እኔማ ከየት ላውቅ። በገዛ እጄ በር ከፍቼ ልጁን እሱ መኪና ውስጥ አስገባሁት። ጥግ እንዲይዝም መስኮት ያለበትን ወንበር መረጥኩለት።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ መውረድ ሲጀምር ተነሣን። የባንኩ ሰው ጋቢና ተቀመጠ፣ እኔና ደሳለው መሐል፣ ፀሐይ ከኋላችን። ሞላ በመስታወቱ ልጁን እያየ ያጫውተው ነበር። "ጎበዝ ነህ አሉ። የማን ልጅ ነህ?" ይለዋል። ደሳለው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ግን ልጁን ላደፋፍረው ብዬ "ምን መሆን እንደምትፈልግ አሁን እውነቱን ንገረኝ፣ ማንም አይሰማህም" አልኩት በጆሮው።

"ሒሳብ" አለኝ። "ሌላ አላውቅም። ሒሳብ ብቻ።" ከዚያ ፈገግ አለ። ፈገግታውን ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት።

ኮሶዬ ስንደርስ ሞላ ፍጥነቱን ቀነሰ። በስተቀኝ ሸለቆው በጉም ተሞልቷል፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። "ጎማው ሳይተነፍስ አልቀረም" አለና ዳር ይዞ አቆመ። ሲወርድ ቁልፉን ነቅሎ ወሰደ። ደሳለው ክርኔን ጨመቀኝ። ከሣሩ ውስጥ ሦስት ሰዎች ብቅ አሉ። ፊት ፊት የሚመጡት ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው ክላሽ ያነገተ ወጣትና ቆመጥ የያዘ አንድ ሌላ ሰው።

"አያ አለሙ ናቸው" አለ ደሳለው። "የባየ አባት።"

የባንኩ ሰው ጠመንጃውን ሲያይ በሩን በርግዶ ወደ መጣንበት ሮጠ። ጫማው አንዱ ወልቆ መንገዱ ላይ ቀረ። አልፈርድበትም፤ ግን ያ በራስ መተማመኑ እሱንም ቀድሞት ነው የሮጠው።

የተንሸራታቹን በር ከውስጥ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት። ባለ ቆመጡ መስታወቱን በአንድ ምት አፈረሰው፤ ስባሪው ፊቴ ላይ ተረጨ። እጁን አስገብቶ የደሳለውን አንገትጌ ያዘ። ነከስኩት። የእውነት ነው የምላችሁ፣ እስከ አጥንቱ ነከስኩት፤ ደሙ አፌ ውስጥ ገባ። ጮኾ ለቀቀና በቆመጡ ጣቶቼን መታኝ። ሲሰበሩ ሰማኋቸው። በሩ ተከፈተ፣ ልጁን በእግሩ ጎትተው አስፋልት ላይ ጣሉት። ሁለቱ በእርግጫ ጎኑን፣ ሆዱን፣ ራሱን ደበደቡት። እሱ አልጮኸም። ድምፁ የሚወጣው እያንዳንዱ ምት ትንፋሹን ሲያስወጣው ብቻ ነበር።

አንድ ነገር አውቅ ነበር። የከተማ ልጅ ብሆንም የዚህ አገር ልጅ ነኝ። በደም ጉዳይ ሴት አትገደልም፤ ሴት የገደለ ሰው ለዘር የሚተርፍ ነውር ይሸከማል። ዘልዬ ወረድኩና ልጁ ላይ ተደፋሁ። ጭንቅላቱን ደረቴ ሥር አደረግኩ፣ በክንዶቼ አቀፍኩት።

"አንሷት!" አለ ባለ ጠመንጃው። ጥጋቡ ይባላል፤ የባየ ታናሽ ወንድም ነው።

ፀጉሬን ይዘው ጎተቱኝ፤ አልለቅም። ክንዴን ወደ ኋላ ጠመዘዙት፤ አልለቅም። ጥጋቡ የክላሹን ሰደፍ አነሣና አገጬ ላይ አሳረፈው። ዓለም ነጭ ሆነች። አፌ ውስጥ ጠጠር የሚመስል ነገር ሞላ፤ ተፋሁት፣ ጥርሶቼ ነበሩ። ደግሞ መታኝ። አሁን አጥንቱ ሲሄድ ተሰማኝ። ፀሐይ "ኡኡ!" እያለች ከጀርባው ዘለለችበት፤ በክርኑ መትቶ ጎማው ላይ ወረወራት።

በተሰበረ አገጭ ጮህኩ። "ደነዝ ነው! አስተማሪው እኔ ነኝ፣ ደነዝ ነው! ከሁሉም ኋላ የሚቀር ነው!"

"ትዋሻለች" አለ ሞላ ከመኪናው ጀርባ። "በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አስተማሪዋን ራሷን ያረመ እሱ ነው። ከእሱ የሚበልጥ የለም ያለች እሷ ናት።"

ሽማግሌው ጠጋ አሉ። ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉና "ተዉ እስቲ" አሉ። ወጣቶቹ ቆሙ። አያ አለሙ ጎንበስ ብለው በክንዶቼ መሐል የሚታየውን የልጁን ፊት አዩ።

"አንተ። የማሩ ቤት ምርጥ አንተ ነህ?"

አይደለሁም በል፣ አይደለሁም በል እያልኩ በልቤ እማጠነው ነበር። አንድ ቃል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየፈተናው ሲጽፈው የኖረው ውሸት ነው። አንዴ ብቻ በአፉ ቢለው ይተርፋል።

"ቲቸር፣ ይልቀቁኝ" አለኝ ቀስ ብሎ። የተሰበሩት ጣቶቼ እምቢ አሉኝ፤ ከሥሬ ወጣና በጉልበቱ ተነሣ። ከአፍንጫውም ከጆሮውም ደም ይወርዳል።

"አዎ አያ አለሙ፣ እኔ ነኝ" አለ። "ከእኔ የሚበልጥ የለም።"

"ምነው እንዲህ አልክ? የለም ብትል ትድን አልነበር?"

"እኔ ብድን ሙሉቀንን ትጠብቃላችሁ። ሙሉቀን ልጅ ነው። ይኸው እኔ አለሁ፣ በእኔ ይለቅ።"

ጉሙ መኪናው ላይ ወርዶ ነበር። የአያ አለሙን ፊት አያለሁ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አይወጣም። ጥጋቡ ትዕግሥቱ አለቀ። "ምን ይጠበቃል!" ብሎ አነጣጠረና ተኮሰ።

እስከ ዛሬ የማላውቀው ነገር ይኸውላችሁ። የአያ አለሙ ዱላ አፈሙዙን መታው። ከመተኮሱ በፊት ነው ወይስ ከተኮሰ በኋላ? ፀሐይ በፊት ነው ትላለች። እኔ አላየሁም። እሳቸውን ጠይቄያቸው አላውቅም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ጥይቱ ግን ለደረቱ ታስቦ ቀኝ ትከሻውን ገነጠለው። ልጁ ወደ ኋላ ወደቀ፤ ደሙ በአስፋልቱ ላይ እየተንፎለፎለ ወደ ሸለቆው ጠርዝ መውረድ ጀመረ።

ጥጋቡ ሊደግም ሲያነጣጥር ሽማግሌው ከፊቱ ቆሙ። "ደሙ ፈሷል። ከዚህ በኋላ በእኔ ላይ እለፍ" አሉት። "አባቴ ዞር በል!" አላቸው እያለቀሰ። አልዞሩም። አፈሙዙ ጋቢያቸውን ነክቶ ቆየ፤ ከዚያ ጠመንጃውን አስፋልቱ ላይ ወርውሮ ወደ ጉሙ ገባ። ባለ ቆመጡም ተከተለው።

ያን ጊዜ ፀሐይ ተነሣች። ግንባሯ ተሰንጥቆ ደም ዓይኗን ሸፍኖታል፤ በእጅጌዋ ጠርጋ ልጁ አጠገብ ተንበረከከች። ቁስሉን ከፍታ አየች፤ ዓይኗን አላዞረችም። ቀና አለችና ከፊቷ የቆሙትን ሽማግሌ እንደ ተለማማጅ ተቆጣቻቸው።

"ምን ይገተራሉ? ጋቢውን ያውልቁ! አጥፈው እዚህ ይጫኑ! ጠንከር!"

አያ አለሙ ጋቢያቸውን አወለቁ። ሊገድሉት የመጡትን ልጅ ቁስል በሁለት እጃቸው ተጫኑ። "አንተም፣ ቁልፉን ያዝና ግባ!" አለች ሞላን። ሞላ እንባና ንፍጡን ሳይጠርግ ገባ።

እኔ አፌን በነጠላዬ አስሬ ወንበሩ ሥር ተጋደምኩ። መኪናው ጠመዝማዛውን ሲወርድ ጭንቅላቴ ከብረቱ ጋር ይጋጫል። ልጁ መሬቱ ላይ ተዘርግቷል፤ ጋቢው ቀልቶ ከሽማግሌው ጣቶች መሐል ደም ይንጠባጠባል። ዓይኑን ሲከድን ፀሐይ በጥፊ መታችው። "እንዳይተኛ! አናግሩት፣ ጠይቁት፣ ዝም እንዳይል!" አለች። መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር፤ አፍ ግን አልነበረኝም። ሞላም አልተነፈሰም። የቀሩት አያ አለሙ ናቸው። ምን ይጠይቁታል? ለማሩ ልጅ ምን ወሬ አላቸው?

"ስምህ ማን ነው?" አሉት።

"ደሳለው።"

"እስከ አያትህ።"

"ደሳለው... ማሩ... ካሴ።"

ትንሽ ሄደን ደግሞ ሊከድን ሲል "ማን ነህ አልኩህ! እስከ አያትህ!" አሉት። ደግሞ ነገራቸው። የገዳዩ የማሩ ስም፣ ልጃቸውን የነጠቃቸው ስም፣ እስከ ጎንደር ድረስ በዚያ መኪና ውስጥ ሲጠራ ወረደ። በተጠራ ቁጥር የሽማግሌው ፊት ሲጨማደድ አይቻለሁ። እጃቸውን ግን አላነሡም። ሆስፒታሉ በር ላይ ሰዎች ልጁን ሊወስዱ ሲመጡም ጣቶቻቸውን ከጋቢው ላይ በግድ ነው ያላቀቋቸው።

ደሳለው ተረፈ። ቀኝ እጁ ግን ከደረቱ በላይ አይነሣም፣ ጣቶቹም እርሳስ አይጨብጡም። ጥጋቡ ታሰረ። ደሳለውን ያን ዓመት ፈተናው ሳይፈተን አለፈው። ክረምቱን በሙሉ ሽማግሌና ካህን ሲመላለስ ከርሞ፣ ከመስቀል በኋላ ሁለቱም ወገን በየአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተገናኘና ታረቀ። ማሩ እስር ቤት ስለነበር የእሱን ድንጋይ ደሳለው ተሸከመለት። ሞላም መጥቶ ከእግሬ ላይ ወድቋል። ከእግዚአብሔር ጋር ይጨርስ፤ እኔ ይቅር አላልኩትም፣ ስላላልኩም አላፍርም።

ብዙ ሰዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ፣ "ልጁን ሰሌዳው ጋ ባታወጪው ኖሮ" ይሉኛል። ስሙኝ አንባቢዎቼ፣ በዚያ አልጸጸትም። ጎበዝን ጎበዝ ማለት ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ ምርጡን እየመረጠ የሚበላው ወግ ነው፤ በየመንደሩ ስንት ምርጥ ልጅ መሐል ላይ ተሸሽጎ፣ ሰነፍ ነኝ እያለ እየኖረ እንደሆነ ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። የተለወጠው አጠያየቄ ነው። አሁን አዲስ ተማሪ ሲመጣልኝ በሩን እዘጋለሁ። መጀመሪያ ምን መሆን ትፈልጋለህ አልለውም። ማንን ትፈራለህ ነው የምለው። መልሱ የሚወስደኝ አንዳንዴ ወደ አንድ ቄስ ቤት፣ አንዳንዴ ወደ አንዲት አክስት፣ አንዳንዴም ወደ ሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። መሆን የሚፈልገውን የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም አስተማሪ ከሆናችሁ ወይም ልጅ ካላችሁ፣ ከሁሉ በፊት ይችን ጠይቁልኝ።

ደሳለው በሚቀጥለው ዓመት በግራ እጁ ተፈተነ። ውጤት የወጣ ቀን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሁሉም ስልኩ ላይ ተደፍቶ ነበር። አያ አለሙ በበሩ ገቡ፤ አቧራ ለብሰዋል፣ ከኮሶዬ በእግራቸው ነው የመጡት። ሁሉም ከስልኩ ቀና አለ። ተማሪዎቹን አልፈው ፊቴ ቆሙ።

"የልጁ ወጣ አሉኝ" አሉ። "አንብቢልኝ።"

ስልኬን አነሣሁ። "ደሳለው ማሩ" አልኩ።

"ምነው አሳጠርሽው? እስከ አያቱ እንጂ። ጮክ ብለሽ።"

በዚህ ጥርስ በሌለው፣ በዚህ በተጣመመ አፌ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ። "ደሳለው ማሩ ካሴ! ከትምህርት ቤቱ አንደኛ!"

አያ አለሙ ዱላቸውን ተደገፉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ከእኔ የሚበልጥ የለም ብሎኝ ነበር" አሉ። "አልዋሸኝም።" ዞረውም በመጡበት መንገድ ወደ ኮሶዬ ሄዱ።